ያልገባኝን ክታብ የተረጎምኩ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ሌላ ሰው ያደረሰብኝ በደል ቢሆን ኖሮ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራው ነበር፤ ነገር በሆዴ የማሳድር ሰው አይደለሁም። ይህን ያመጣው ግን የገዛ አፌ ነው። ስለዚህ እስካሁን እረፍት ነስቶኛል። ዛሬ እንኳን ልጽፈው ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

እስራኤል አገር፣ ሐይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ በሚባል ሰፈር የምኖር የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነኝ። በባሕረ ሰላጤው በኩል ባለ መጋዘን የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ነጂ ነኝ። ከቤተ እስራኤል ወገኖቼ ጋር ከጎንደር ስመጣ ዕድሜዬ ዐሥራ አምስት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ስለሆነ አማርኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ግዕዝ ግን አላውቅም። ይህችን ነገር አደራ ልብ በሉልኝ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ እኔና ልጄ ሲቫን። ባለቤቴ በካንሰር ካረፈች ያኔ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ሲቫን ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ በአንድ መድኃኒት ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ያለ ኢንሱሊን አትውልም። ክንዷ ላይ የምትለጠፍ ክብ ነገር አለች፤ የሰውነቷን ስኳር እየለካች በየአምስት ደቂቃው ቁጥሩን ወደ ስልኳ ትልካለች። ቁጥሩ እኔም ስልክ ላይ ይታያል። ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ፣ ዕቃ ከፍ አድርጌ እንኳን ዐይኔ ወደ ስልኬ ይሄዳል። አለቃዬ በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደጮኸብኝ እሱ ይቁጠረው። እናቴም ስኳር አለባት፤ የእሷ ግን በክኒን የሚያዝ የእርጅና ስኳር ነው፤ ክኒኑን ውጣ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል።

በዚያ ዓመት ሲቫን ከሥራ በኋላ ባሕሩ ዳር ወዳለው ክርያት ሐይም ሰፈር መመላለስ ጀመረች። ወንድ ወዳ ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስጠይቃት፣ «ስለ ሰማይ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። የከዋክብት ትምህርት መስሎኝ ተውኳት።

አንድ ዓርብ ራት ላይ ግን ነገሩን ዘረገፈችው። ሰማይ ላይ ሰው የሚያያቸው፣ ምንነታቸው ያልታወቀ በራሪ ነገሮች አሉ ይባላል አይደል? እነሱ ዛሬ የመጡ አይደሉም አለችን። ድሮ መልአክ፣ ጋኔን፣ ዛር፣ ጂኒ እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት ሁሉ እነሱ ናቸው። አስማተኛ መሬት ላይ የሚያሰምረው ክብ የማረፊያቸው ምልክት ነው። በድግምት ውስጥ የሚነበነቡት የማይገቡ ስሞችም መጥሪያቸው ናቸው፤ እንደ ስልክ ቁጥር። የጥንት ሰዎች መጥራቱን ያውቁበት ነበር፣ እኛ ረሳነው።

«እና ዛሩ አሁን መኪና ገዛ በይኛ!» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። ሲቫን አልሳቀችም።

«አባ፣ አትቀልድ። የሞቱ ሰዎችም አልጠፉም፤ እነሱ ጋ ናቸው ይላል ኤያል።»

ያን ጊዜ ሳቄ ቆመ። ኤያል ማን እንደሆነ ባላውቅም ልጄ ምን ፍለጋ ክርያት ሐይም እንደምትመላለስ ገባኝ። እናቷን ፍለጋ ነው። ዳቦ ቆረስኩላት።

እናቴ አንድ ክታብ አላት። ከአገር ቤት ስትመጣ በልብሷ ውስጥ ሰፍታ ያመጣችው ነው። ስፋቱ የእጅ መዳፍ ያህል ቢሆን ነው፣ ሲዘረጋ ግን ከሰው ደረት የሚደርስ ረጅም ብራና ነው። ላዩ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ትልልቅ ዐይኖች ተሥለውበታል፤ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ መሳይ ነገርም አለበት፣ መካከሉ ላይ የሰው ፊት ያለው። የቀረው ግዕዝ ነው። ስለ ምን እንደተጻፈ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ስለ ክታብ አይጠየቅም፤ እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ነውር ቆጥሮ ሻንጣ ሥር ደብቆታል።

ሲቫን እናቴ ሐኪም ቤት በሄደችበት ቀን ክታቡን አውጥታ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ለነኤያል አሳየቻቸው። ዐይኖቹን ሲያዩ አበዱ። ኮከቡ የሰማይ መርከብ ነው፣ ጽሑፉም የጠፋው መጥሪያ ነው ተባለ። የሚያነብላቸው ሰው ሲፈልጉ ልጄ፣ «አባቴ ያነባል» አለቻቸው።

ዋሸች አልልም። ፊደሉ አንድ ነው፤ አየዋለሁ፣ አነበንበዋለሁ። አማርኛና ግዕዝ የተለያዩ መሆናቸውን እኔው ነኝ ያልነገርኳት። እዚህ ለተወለደ ልጅ ሁሉም አባቱ የሚያነበው የአገር ቤት ጽሑፍ ነው።

እሄዳለሁ ያልኩት ሰዎቹን በዐይኔ ዐይቼ፣ ካስፈለገም ሰድቤ፣ ልጄን ይዤ ለመመለስ ነበር። ሐሳቤ በእውነት ይኸው ነበር። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሲቫንን በመኪናዬ ይዤ ክርያት ሐይም ሄድን።

ቤቱ ባሕሩ አጠገብ ያለ፣ ግቢው አሸዋ የለበሰ ምድር ቤት ነው። ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ግቢው ውስጥ በላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ስገባ ሁሉም ተነሡልኝ። አንዷ መሐንዲስ ናት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጡረተኛ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በዚህ አገር ኖሬ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከመቀመጫቸው ሲነሡልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ። ልሳደብ የመጣሁት ሰውዬ ደስ አለኝ።

ኤያል ዕድሜው ከእኔ ብዙ የማያንስ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። እጄን በሁለት እጁ ይዞ፣ «አባቶችህ የጠበቁትን ስለምታካፍለን እናመሰግናለን» አለኝ። አባቶቼ የጠበቁት ፍየል ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት። መሃል ላይ አስቀመጡኝ። የእናቴን ክታብ ፎቶ ግድግዳው ላይ በመብራት አጉልተው አበሩት።

አነበብኩ። ልጅ ሳለሁ ቄሶቻችን ሲጸልዩ እንደሰማሁት ድምፄን እየጎተትኩ አነበብኩ። ከዚያ ሁሉ ቃል የገባኝ አንድ ብቻ ነው፤ የእናቴ ስም። የቀረውን እንደ በቀቀን ነው ያልኩት። ፀሐይ ገና ጠልቃ ሰማዩ አመድማ ሆኗል። አንብቤ ልጨርስ ጥቂት መስመር ሲቀረኝ አንዲቱ ሴት ጮኸች። ቀና ብል ከባሕሩ በላይ መብራቶች በአንድ መስመር ተሰልፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይሄዳሉ። ሳተላይቶች እንደነበሩ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ነግሮኛል፤ በተላኩ ሰሞን እንደዚያ ተከታትለው ይታያሉ አሉ። ያን ጊዜ ግን ፀጉሬ ቆመ። ምን ጠራሁ ብዬ ፈራሁ።

«ምን ይላል?» አለኝ ኤያል።

አላውቅም ማለት አንድ ቃል ናት። አፌ ላይ መጥታም ነበር። ዘወር ስል ግን ሲቫንን አየኋት። ጉልበቷን አቅፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ታየኛለች። እንደዚያ ስታየኝ እናቷ ከሞተች ወዲህ አይቻት አላውቅም። የሰዎቹም ዐይን እኔ ላይ ነው። ኩራቱም፣ ፍርሃቱም፣ የልጄም ፊት አንድ ላይ ሆኑብኝና አፌን ከፍቼ በዕብራይስጥ እንዲህ አልኩ።

«ከላይ በብርሃን የሚወርዱትን አይቶ ያልፈራ ንጹሕ ነው። ሦስት ቀን አፉን ከእህል የዘጋ ደጃቸው ይከፈትለታል። የተወሰዱበትንም ወገኖቹን ያያል።»

ከየት አመጣኸው ብትሉኝ አላውቅም። ጾሙን ያመጣሁት ደብተራ ክታብ ከመጻፉ በፊት ይጾማል ሲባል ልጅ ሆኜ ስለሰማሁ ይመስለኛል። የመጨረሻውን ግን አውቃለሁ። እሱን ያልኩት ለሲቫን ነው።

ጻፉት። ደግሜ እንድለው ለመኑኝ፣ ደገምኩት። ኤያል አለቀሰ። ስንመለስ ሲቫን መኪና ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አባ፣ ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?» አለችኝ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሰላም ነበር። በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ሲቫን ቦርሳዋን ስታዘጋጅ አገኘኋት። ከእሑድ ጀምሮ ሦስት ቀን ሊጾሙ ነው። እህል የለም፣ ውኃ ብቻ። ኢንሱሊኑን ቀንሼ እወስዳለሁ፣ ሁሉንም አስልቻለሁ አለችኝ።

«አንቺ በዮም ኪፑር ጾም እንኳን እየበላሽ ነው ያደግሽው! ሐኪሙም ራቢውም ብዪ ብለውሽ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ረጋ በል፣ አባ። እሱ የሌላ ሰው ሕግ ነው። ይሄ የኛ ነው፣ የሳፍታ ነው። አንተ ራስህ አነበብከው።»

ሳፍታ የምትለው አያቷን ነው። አፌን ከፈትኩ። አሁን ልነግራት ነው ብዬ ከፈትኩ። ልጄ ፊት ውሸታም መሆን ከበደኝና መልሼ ዘጋሁት። «ለጤነኛ ሰው ነው እንጂ ለበሽተኛ አይደለም የሚለው» አልኩ። እንግዲህ ውሸቱን በሌላ ውሸት ማረሜ ነው።

«በሽተኛ አይጹም አላልክም» አለችኝ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ አትጨነቅ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝና ሄደች።

እሑድ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። መቶ ሠላሳ። መቶ ዐሥራ አምስት። ማታ ዘጠና ስምንት። ሰኞ አንዴ ሁለት መቶ ይወጣል፣ አንዴ ሰባ ስምንት ይወርዳል። እደውላለሁ፣ «ደህና ነኝ» ትላለች፣ ድምፏ ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፤ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ በፈቃዷ ከሆነች ምን እናድርግ አሉኝ። ራት ላይ እንጀራውን ትቼ ስልኬን ስመለከት እናቴ ነገሩን ከአፌ አወጣችው። የጾሙን ነገር ብቻ እንጂ የእኔን ጉድ አልነገርኳትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሰባ አንድ አየሁ፤ ከሰባ ከወረደ አደጋ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስልኬን ስከፍት ቁጥር የለም። ሲቫን ማጋራቱን አጥፍታዋለች። የዕቃውን ጣውላ በአየር ላይ እንዳለ ትቼው ልወርድ ስል ነው ጓደኛዬ የጮኸብኝ። አውርጄ፣ ለአለቃዬ እንኳን ሳልናገር መኪናዬን አስነሣሁ። የልጅቷን ወሬ ልትጠይቅ እናቴ ደወለች፤ ወደዚያው እየሄድኩ ነው አልኳት።

«ሳትወስደኝ ብትሄድ ወተቴን አልተውልህም» አለችኝ።

በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። በፌስታል ጭብጦ ይዛለች፤ በሶውን በማር ለውሳ እንደ ኳስ አድቦልቡላዋለች። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። መሪውን እየደበደብኩ፣ ከፊቴ ያለውን ሁሉ እየሰደብኩ ስነዳ፣ ሆዴ አልቻለምና ሁሉንም ነገርኳት። ክታቡ እንደተነሣ፣ እንዳነበብኩት፣ ተርጉም ሲሉኝ ፈጥሬ እንዳወራሁ።

ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ፣ «አንተ? ግዕዝ?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

በሩን ኤያል ከፈተልን። ሰዎቹ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ተጋድመዋል፤ መጋረጃው ወርዷል። ሲቫን ጥግ ላይ ናት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ስታየኝ ሊያነሣኝ የመጣው ማነው እንደሚል ሰው ቀስ ብላ ነው ዐይኗን የገለጠችው። አጠገቧ ተንበርክኬ፣ ሁሉም እንዲሰማ በዕብራይስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ስሙኝ። ዋሽቻችኋለሁ። ይህን ቋንቋ አላውቀውም። ፊደሉን ብቻ ነው የማነበው። የነገርኳችሁን ሁሉ ከጭንቅላቴ ነው ያመጣሁት። ጾም የሚል ነገር የለበትም።»

ኤያል በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «መልእክት የሚተላለፍበት ሰው ብዙ ጊዜ ይክዳል፤ ይከብደዋል» አለ። «ከአንተ አልመጣም፣ በአንተ በኩል መጣ እንጂ። ስታነብ ሰማዩ የመለሰልንን ሁላችንም አይተናል።»

ውሸታቸው የሚታመንላቸው ሰዎች አይቻለሁ። «ዋሽቻለሁ» ብሎ የማይታመን ሰው ግን እኔን ብቻ ነው ያየሁት። ሲቫንን አየኋት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። «ፈርተህ ነው፣ አባ» አለችኝ።

እናቴ ዕብራይስጥ ብዙ አይገባትም። «ምን አለ ቀጭኑ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እንግዲያ ንገረው» አለች። «ልጄ ግዕዝ አያውቅም፣ ዳዊት እንኳን አልደገመም፣ በትምህርት ሰነፍ ነበር በለው። እናቱ ነኝ በለው።»

ያንን ሁሉ ቃል በቃል፣ በገዛ አፌ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው ተረጎምኩ። ምናልባት በሕይወቴ በትክክል የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው። ጡረተኛው መምህር ቀና ብሎ ኤያልን አየው። ኤያል ግን እናቴን አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት።

እናቴ ትታው ሲቫን አጠገብ ተቀመጠች። ከጭብጦው ቆርሳ፣ «እንኪ የኔ ዓለም፣ አፈር ስሆንልሽ» ብላ አፏ ላይ አደረሰችላት።

ሲቫን ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አፈር ስሆን ያለ ሰው እጁ ከነጉርሻው አይመለስም። ጠግበህም ቢሆን ትጎርሳለህ። እናቴ በዕድሜዋ እንደዚያ ተደርጋ አታውቅም። እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔ ስልኬን አውጥቼ አምቡላንስ ልጠራ ስል፣ «ቆይ» አለችኝ። ጭብጦውን ፌስታሉ ላይ መለሰችው።

«ክታቡ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለቻት። «ከአባትሽ በፊት ሁለት ወልጄ ሁለት ቀብሬያለሁ። ሾተላይ ነው አሉኝ፣ ሕፃን የሚገድለው። ሦስተኛው በሆዴ ሳለ አባቴ ለደብተራው በግ ሰጥቶ አስጻፈልኝ። አባትሽ እንዲኖር ነው የተጻፈው። ዐይኖቹ እንዲያ የሚያፈጥጡት ሾተላይን ለማባረር ነው፤ ወዲያ ሂድ ለማለት እንጂ ና ለማለት አይደለም። እነዚህ ሰዎች በማባረሪያው ይጠሩበታል።»

እኔም ያንን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በሃምሳ ዓመቴ፣ በሰው ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ።

ሲቫን አለቀሰች። እንባዋ እንኳን በቅጡ አልወረደም። «ሳፍታ፣ እናቴን ማየት ፈልጌ ነው» አለች።

«እሽ» አለች እናቴ። ነጠላዋን ገልጣ ከልብሷ ውስጥ የክኒን ማስቀመጫዋን አወጣችና ለሲቫን አስጨበጠቻት። «ያዥልኝ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ አልበላም። የጠዋቱን ክኒን ውጫለሁ፣ እህል ግን አልቀመስኩም። ከመጡ አብረን እንሄዳለን። እዚያ ማዶ ከአንቺ ይልቅ የኔ ሙታን ይበዛሉ።»

ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘረጋች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ጭራሽ አልሰማችኝም። ሰዓቴን አየሁ፣ ተነሣሁ፣ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ሲቫን ተኝታ ታያታለች። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ አርባ ደቂቃ አለፈ። የእናቴ ግንባር ላብ አወጣ። ጉልበቷ ላይ ያረፈው እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ብርድ መስሎኝ ነበር።

ሲቫን ግን ያንን መንቀጥቀጥ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በእጇ እየዳኸች መጣች። ከቦርሳዋ የስኳር መለኪያዋንና መርፌዋን አውጥታ የአያቷን ጣት ወጋች። ሃምሳ ስምንት። «ሳፍታ! አፍሽን ክፈች!» ብላ ጭብጦውን ቆረሰች።

እናቴ ከንፈሯን ገጠመች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አንቺ ቅደሚ» አለች።

«ሳፍታ፣ ትሞቻለሽ!»

«አንቺ ቅደሚ።»

ሲቫን ጎረሰች። ደረቅ አፏ ውስጥ አልወርድ ብሏት እያነቃት፣ እያለቀሰች ዋጠች። ከዚያ በዚያው እጇ አያቷን አጎረሰች። አንድ ለእሷ፣ አንድ ለአያቷ እያለች ጨረሱት። ኤያል ስኳር በውኃ በጥብጦ እየሮጠ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን እሱን ጠልቼ እገላገል ነበር።

ሁለቱንም ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳቸው። እናቴ ማታውን ወጣች፤ ሲቫን ደሟ ውስጥ አሲድ ተገኝቶ ሁለት ቀን ተኛች። ሐኪሟ አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ አልጨረሰውም። በሁለተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እንደገና ነገርኳት። ያን ቀን አመነችኝ።

«ስለ እናቴ ያልከውንም?» አለችኝ።

«እሱንም። ፊትሽን አይቼ ነው።»

«ሌላውን ሁሉ ብትዋሽ ምንም አልነበረም፤ እሱን ብቻ ባትነካው» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዛሬ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ከአያቷ ጋር ትስቃለች። ከእኔም ጋር ትነጋገራለች። የስኳሯን ቁጥር ግን መልሳ አላጋራችኝም፤ እኔም ልጠይቃት አፌ አይደፍርም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በምሳ ሰዓት፣ በመጋዘኑ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ሴት ስልኳን ይዛ መጣች። «ይሄ ያንተ አገር ነው አይደል?» ብላ ቪዲዮ አሳየችኝ። የማላውቃት ሴት፣ በማላውቀው ከተማ፣ ሻማ አብርታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ አለ። ከጥንታዊ የኢትዮጵያ ብራና የተገኘ ቃል ነው ብላ በሙዚቃ ታጅባ ታነባለች። «ከላይ በብርሃን የሚወርዱትን አይቶ ያልፈራ ንጹሕ ነው። ሦስት ቀን አፉን ከእህል የዘጋ…»

ምሳዬን ገፋ አድርጌ ስልኳን ተቀበልኳት። ከሥር ሰዎች ጽፈዋል። አንዱ ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው ይላል። አንዷ ልጄን ለማየት ነው የምጾመው ትላለች። በዕብራይስጥ፣ «ይህን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው፣ ብሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ሰው የልብ ምልክት አደረገልኝ። በማግስቱ ጽሑፌ ጠፍቶ አገኘሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ጠፋ። ያቺን ልጄን ለማየት ነው ያለችውን ሴት ፈልጌ መልእክት ላክሁላት፤ አልመለሰችም። በልታ ይሁን ሳትበላ እስከዛሬ አላውቅም። ለኤያል ስደውል ቁጥሩ አይሠራም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል እሰማ ነበር፤ አፋፉን ተሻግሮ ባሕር እንደሚሻገር አላውቅም ነበር።

አሁን በሥራ ላይም፣ በመንገድም ያቺ ሴት ትመጣብኛለች። ልጇን ምን ገደለው እላለሁ። ስንት ቀን ሆናት እላለሁ። አብሯት የሚቀመጥ ሰው ይኑር አይኑር እላለሁ።

ስለዚህ በምችለው ቋንቋ፣ ማንም በማያጠፋብኝ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ያ ቃል ጥንታዊ አይደለም። ከብራናም አልወጣም። ክርያት ሐይም፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ የፎርክሊፍት ነጂ አላውቅም ማለት አፍሮ የተናገረው ነው። በአጠገባችሁ በእሱ የሚጾም ሰው ካለ፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ እባካችሁ ሂዱና አብሉት።